የዋንዛ ፍሬ የሚበላ አሁንም አለ?

ወለተ ግዮን (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ወዳጆች። ጥያቄዬ ስለ ዋንዛ ነው፤ ስለ ጣውላው ግን አይደለም። ስለ ዋንዛ አልጋና ቁም ሣጥን የሚያወራ ሞልቷል፤ እኔን የቸገረኝ ፍሬው ነው።

ቡሬና አካባቢዋ ያደገ ሰው ያቺን ቢጫ፣ ጣት የምታጣብቅ ፍሬ ሳይቀምስ አልቀረም። አሁን ግን አገር ቤት ስሄድ ፍሬው ዛፉ ሥር ተነጥፎ ዶሮ ሲጭረው አያለሁ እንጂ የሚለቅመው ልጅ አላይም። እንኮይ በየገበያው በስኒ እየተሰፈረ ይሸጣል። ዶቅማና ሾላ በወቅታቸው አይጠፉም። ቀጋን እንኳ ከቆሎ ሻጮች ጎን ቁጭ ብላ የምትሸጥ ሴት አላጣሁም። የዋንዛን ፍሬ መደብ ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ግን በዕድሜዬ አላየሁም።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። አሁንም የሚበላው አለ? ከጥሬው በቀር ምን ይሠራበታል? ገበያ ያልወጣው ስለማይጥም ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

የጃቢው (ፍኖተ ሰላም)

እኅቴ፣ የሚበላውማ አለ። አንዱ እኔ ነኝ፤ ዘንድሮም በልቻለሁ።

ለማያውቁት አበላሉን ልንገራቸው። በእኛ በኩል ፍሬው ከጥር አጋማሽ ጀምሮ እስከ መጋቢት ይበስላል። ያን ጊዜ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ስለሚሳሳ ዘለላው ከሩቅ ይታያል። እያንዳንዷ ፍሬ ከአበባዋ የቀረች ቡናማ ቆብ ውስጥ ተሰክታ ነው የምትገኘው። ቆቧን በሁለት ጣት ጫን ሲያደርጓት ፍሬዋ ሙልጭ ብላ ትወጣለች። አፍ ውስጥ ስትገባ ስስ ቆዳዋ ይፈነዳል፤ ሥጋዋ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ጣፋጭ ነው፤ ነገር ግን ከዘሯ አልላቀቅ እያለ ምላስን ያታግላል። ዘሯ ጠጣር ስለሆነች አትታኘክም፤ መጥጦ መትፋት ነው። አረንጓዴዋ አፍ ታኮማትራለች። ቢጫ ሆና ገና ያልለሰለሰችውም ያን ያህል አትጥምም። የምትፈለገው ወደ ብርቱካንማ ያደላችው፣ ሲነኳት ስርጉድ የምትለው ናት። ማለዳ ከዛፉ ሥር የምትገኘው፣ ሌሊት የወደቀችው፣ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ዶሮና ጉንዳን ካልቀደሙ ማለት ነው።

ዋንዛ ሁሉ እኩል አይጥምም። በየመንደሩ ልጆች ሌሎቹን ዛፎች አልፈው የሚሄዱባት አንዲት ዛፍ አለች፤ ብዙውን ጊዜ በባለቤቱ ስም ትጠራለች። የሌላው ዋንዛ ፍሬ ትንሽና ውሃ ውሃ የሚል ሊሆን ይችላል። አንዴ መጥፎ ዛፍ ሥር ቆሞ ቀምሶ «ዋንዛ አይጥምም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛፉን አሳየኝ እለዋለሁ።

የጾሙ ነገርም አለ። ፍሬው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ወተትና እርጎ በሌለበት በዚያ ወቅት ለልጅ አፍ ጣፋጭ የሚባል ነገር እርሱ ነበር።

ደብተር ሲቀደድብንም የምንለጥፈው በዚሁ ፍሬ ነበር። ዘሩን አውጥቶ ወረቀቱ ላይ መቀባት ብቻ ነው። ጉዱ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ አይጥ ጣዕሙን ካገኘችው ደብተሩን ትጨርሰዋለች።

ኮስታራው (ደብረ ማርቆስ)

ወገኖቼ፣ ትዝታን ከምግብ ጋር አናደባልቅ። ዋንዛ የእረኛ ምግብ ነው። በልተነዋል፤ የበላነው ግን ከብት ስንጠብቅ ውለን ምሳ ስላልተቋጠረልን ነው። የዛሬ ልጅ ሙዝ አለው፣ ብርቱካን አለው። ዘር እየተፋ አፉን የሚያጣብቅበት ምን ዕዳ አለበት? ገበያ ያልወጣውም ለዚሁ ነው። ሥጋው ዘሩ ላይ የተቀባ ያህል ነው፤ አንድ ጣሳ ለቅማችሁ የምትውጡት እፍኝ አይሞላም። ዋንዛ የተከበረው በጣውላው ነው፤ በዚያው ይቆይ።

ወለተ ግዮን

ለኮስታራው፦ ወንድሜ፣ ስለ ዘሩ ያልከው እውነት ነው፤ አልከራከርህም። «የእረኛ ምግብ» ያልከው ግን ከነከነኝ። እንኮይስ የማን ምግብ ነበር? አጋምስ? እነርሱ ገበያ ወጥተው ብር ሲያመጡ ማንም የእረኛ ናቸው ብሎ አልተጸየፋቸውም።

እኔ እንደሚመስለኝ ፍሬውን ያስጣለን ሐፍረት ነው። «የእገሌ ልጆች ዋንዛ ሲለቅሙ ዋሉ» መባል ለእናት ነውር ነበር፤ ቤቱ እንጀራ አጥቷል ማለት ነዋ። በክፉ ቀን የተበላ ነገር በደግ ቀን ሲበላ የሚያሳፍር ይመስለናል። ሙዙም ቢሆን ከተማ ገበያ ላይ እንጂ ገጠር ባለ ልጅ እጅ በየቀኑ አይገባም። ዛፉ ግን ደጁ ላይ ነው።

ከአጋሮ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ዘንድ ዋዴሳ ነው የሚባለው፤ ፍሬውንም ልጆቻችን አሁንም ይበላሉ። ቡና ለቀማው አልቆ የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲጠብቁ ኪሳቸው ሙሉ ዋዴሳ ነው። ማንም አያፍርበትም።

የጃቢው ወንድሜ «ቅጠሉን አራግፎ» ያልከው ግን አልገባኝም። የእኔ ቡና ላይ ያሉት ዋዴሳዎች ራቁታቸውን ሆነው አይቻቸው አላውቅም። አሮጌው ቅጠል ይወድቃል፣ አዲሱ ይተካል፤ ዓመቱን ሙሉ ጥላ አለ። ባዶውን የሚቆም ዛፍ ለቡና ምን ያደርጋል? አንተ የምታወራው ስለ ሌላ ዛፍ እንዳይሆን።

ለቡና ለምን እንደምንመርጠው ልናገር። ጥላው ሳሳ ያለ ነው፤ ፀሐይን ያጣራል እንጂ አይዘጋም። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ መሬቱን ያለብሰዋል፤ ደግሞም ቶሎ ይበሰብሳል። በሥሩ ያለውን አፈር በእጅ ሲዘግኑት ጥቁርና ልል ነው። ፍሬው ሲደርስ ጉሬዛና ጦጣ ይሰፍሩበታል፤ ዘሩን እየጣሉ የሚተክሉልንም እነርሱ ናቸው። እኔ ዋዴሳ ተክዬ አላውቅም፤ ራሱ የበቀለውን መርጬ አስቀራለሁ።

የጃቢው

ለከአጋሮ፦ ኧረ ያው ዋንዛ ነው፤ ሌላ ዛፍ አይደለም! በቆሎ ማሳዬ መሐል የቆሙት መጋቢት ላይ መጥተህ ብታያቸው የደረቁ ይመስልሃል። ዝናብ ጠብ ሲል ደግሞ በአንድ ጊዜ ይለብሳሉ።

የዕፀዋት መምህር (ጎንደር)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ዋንዛ ቅጠሉን የሚያራግፈው እንደሚያገኘው እርጥበት ነው። ጅማና ኢሉባቦር ዝናቡ ረጅም፣ ደረቁ ወቅት አጭር ስለሆነ ዛፉ ሙሉ በሙሉ ለመራቆት አይገደድም። ጎጃም ማሳ ላይ ብቻውን የቆመው ግን ከጥር ጀምሮ አፈሩ ሲደርቅበት ቅጠሉን ጥሎ ውሃውን ይቆጥባል። ሳይንሳዊ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና ነው፤ ቀድሞ ኮርዲያ አቢሲኒካ ይባል ነበር። ከባሕር ወለል በላይ ከ550 ሜትር ግድም አንሥቶ እስከ 2600 ሜትር ድረስ ይበቅላል። ይህን ያህል ስፋት ያለው ዛፍ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጠባይ እንዲኖረው አይጠበቅም።

ጎንደር ስለሆንኩ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ዋንዛን ሥዕሉን አሥሎ ጽፎለታል። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። በጎንደር እያንዳንዱ ቤት ዙሪያ ሁለት ሦስት ዋንዛ ይተከል እንደነበር፣ ከተማዋም ከከፍታ ላይ ሲያዩዋት ጫካ ትመስል እንደነበር ይናገራል። ክረምቱ ሲያበቃ ዛፎቹ ባንድ ሌሊት ነጭ አበባ ሲለብሱ ከተማዋ ሁሉ ነጭ ትሆናለች ይላል። ዛሬ ከከፍታ ላይ ቁልቁል ሲያዩ የሚታየው ቆርቆሮ ነው። ዋንዛ ከቤት ደጅ ሲጠፋ የልጆች መክሰስም አብሮ ከደጅ ጠፋ። ለወይዘሮ ወለተ ግዮን ጥያቄ ከፊል መልስ የሚሆነው ይህ ይመስለኛል፤ ሐፍረቱም አለ፣ ርቀቱም አለ። የማሳና የጫካ ዛፍ ፍሬ በእረኛ እጅ ይቀራል፤ የደጅ ዛፍ ፍሬ ግን ቤት ይገባል።

ንብ አርቢው (ዳንግላ)

የፍሬውን ወሬ ስታደምቁት አበባውን እንዳትረሱት። እኔ ዋንዛን የምበላው በማር ነው።

አደይ አበባ ሲያልፍ ንቡ ወዴት ይሂድ? አንዱ መድረሻው ዋንዛ ነው። አበባው ነጭ፣ እንደ ጡሩንባ አፉ የተከፈተ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ ነው። ወለላም ጽጌ ብናኝም ይሰጣል። ጠዋት ዛፉ ሥር ቆሞ ማዳመጥ ነው፤ ዛፉ ራሱ የሚያጉረመርም ይመስላል። የደረቀው አበባ ወዲያው አይረግፍም፤ እንደ ወረቀት ሆኖ ዘለላው ላይ ይቆያል። ለዚህ ነው ሰው ከሩቅ አይቶ ገና በአበባ ላይ ነው ብሎ የሚሳሳተው። ንቡ ግን አይሳሳትም።

ሐዘኔን ልናገር። በእኛ ዞን በተለይ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ማሳው ሁሉ ዲከረንስ የሚባለው፣ ለከሰል የሚተከል ዛፍ ሆኗል። ገበሬውን አልወቅስም፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ብር የሚያመጣ ዛፍ ነው፤ የደከመ መሬትም አገግሞበታል። ነገር ግን ማሳ ለዲከረንስ ሲጠረግ መሐሉ ላይ የነበረው አሮጌ ዋንዛም አብሮ ይሄዳል። የዲከረንስ ፍሬ ደግሞ አይበላም።

አናጺው (ባሕር ዳር)

እኔ ዋንዛን ከምታወሩበት በሌላው ጫፍ ነው የማውቀው። ኮስታራው እንዳለው የተከበረው በጣውላው ነው። ለመሥራት ለስላሳ ነው፤ ሚስማር ሲመቱት አይሰነጠቅም፤ ልሙጥ ሲሆን ቀይ ቡናማ ውበት አለው። ልቡን ምስጥ አይደፍረውም። ገበታውም፣ ከበሮውም፣ የጅማው ሦስት እግር በርጩማም ከእርሱ ነው።

ግን አሁን የሚመጣልኝን ግንድ ብታዩት ታዝናላችሁ። ጭኔን የማያህል ነው። እንዲህ ያለው ገና ፍሬ በደንብ ማፍራት የጀመረ ልጅ እግር ነው፤ ልቡ ገና አልጠነከረም፤ አብዛኛው ነጩ ክፍል ነው። ከርሱ የተሠራ በር ሲውል ሲያድር ይጣመማል፤ ደንበኛው የሚረግመው ደግሞ አናጺውን ነው። ትልልቁ አልቋል። ሕጉ አልጠፋም፤ አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከዚያም በኋላ ሌሎች የደን አዋጆች ወጥተዋል። ሌሊት የሚጫነው ጣውላ ግን አዋጅ አያነብም።

ኮስታራው፣ «በጣውላው ይቆይ» ስትል በዚህ አያያዝ ጣውላውም አይቆይም።

ኮስታራው

አናጺው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በርሱ እስማማለሁ። ፍሬው ዛፉን ያድነዋል ብሎ ማሰብ ግን የዋህነት ነው። አንድ ግንድ የሚያወጣውን ብርና አንድ ጣሳ ፍሬ የሚያወጣውን አስተያዩት። ገበሬው ሒሳብ ያውቃል።

የጃቢው

ሒሳቡን የሚያውቅ ገበሬ እንዲህም ይደምራል። ዛፉ ዛሬ ቢቆረጥ አንድ ጊዜ ነው። ቢቆም ግን በጋ ላይ ቅርንጫፉ ለከብት ይመለመላል፣ ማገዶው አለ፣ ቀፎ ይሰቀልበታል፣ ፍሬው አለ፣ ሥሩ ያለው አፈር አለ። በርግጥ ጤፍ ከትልቅ ዋንዛ ጥላ ሥር ይቀጭጫል፤ ይህን አልደብቅም፤ ለዚህም ነው ከመዝራታችን በፊት የምንመለምለው። ልጁን ሲድር ግን ገበሬው ያንኑ ዛፍ ይቆርጠዋል። በዚህም አልወቅሰውም፤ ባንኩ ነው። የምወቅሰው ቆርጦ የማይተካውን ነው።

ከሻርጃ

እኅት ወንድሞቼ፣ ከሩቅ ሆኜ ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ የምሠራበት ግቢ ውስጥ ዋንዛን ቁጭ የሚመስል ዛፍ አለ፤ እዚህ «በምበር» ይሉታል። ፍሬው ከእኛው ይተልቃል፤ ሲበስል ወደ ቢጫና ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ሙጫው ግን ያው ነው፣ አፍ ያጣብቃል። ዐረቦቹ ጥሬውን ይበሉታል፣ ገበያም ይሸጣል። እዚህ ማንም የእረኛ ነው አላለም!

ጎረቤቶቻችን ሕንዶች ናቸው። ሴትየዋ በአረንጓዴነቱ ለቅማ ዐቻር ትሠራበታለች። ቆሜ አይቻታለሁ። ፍሬውን በሙቀጫ ዘነዘና ቸብ ታደርገውና ይሰነጠቃል። ከዚያ የቀጭን እንጨት ጫፍ ጨው ውስጥ እየነከረች ዘሩን ታወጣለች፤ ጨው የነካው ሙጫ እጅ ላይ አይጎተትም። ባዶውን ፍሬ ተፍቆ በጨው በተያዘ ጥሬ ማንጎ፣ በሰናፍጭ፣ በአብሽና በበርበሬ ሞልታ ማሰሮ ውስጥ ትደረድርና ዘይት ታለብሰዋለች። ከሳምንታት በኋላ ሲበላ ኮምጠጥ፣ ጠጠር ያለ ነው፤ ሙጫው ጠፍቷል። ለእኛ እንጀራ ጎን ለጎን ቢቀርብ የሚያሳፍር አይደለም።

የእኛ ዋንዛ እንዲህ አይሆንም ይሆን?

የዕፀዋት መምህር

ለከሻርጃ፦ እጅግ ጥሩ ምልከታ ነው። ያየሽው ኮርዲያ ሚክሳ የሚባለው የዋንዛ የቅርብ ዘመድ ነው። ከሕንድ እስከ ዐረብ አገር ይተከላል፤ ሙጫው ለወፍ ማጥመጃ ማጣበቂያ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ስለዚህ የጃቢው ደብተሩን መለጠፉ ብቻውን አይደለም።

ዐቻሩ ለእኛ ይሠራል ወይ ለሚለው፣ አስቸጋሪው መጠኑ ነው። የዋንዛ ፍሬ ስፋቷ አንድ ሳንቲ ሜትር ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ አብዛኛውን ቦታ የያዘው ዘሯ ነው። ዘሩን አውጥተሽ በማንጎ የምትሞዪው ክፍተት አይተርፍም። የበሰለውን ለመጭመቅ ማሰብ የተሻለ ነው።

ጓዳ (ጎንደር)

ጭማቂውን በተመለከተ እኔ ቤት የምሠራውን ልንገራችሁ፤ ባለሙያ አይደለሁም፣ የቤት እመቤት ነኝ።

በጣም የበሰለውን ከቆቡ አውጥቼ አጥባለሁ። ሙቅ ውሃ (የፈላ አይደለም) አፈስበትና በእጄ ደህና አድርጌ አሸዋለሁ፤ ሥጋው ከዘሩ የሚለቀው በማሸት ብቻ ነው። ከዚያ በወንፊት ላይ እያንከባለልኩ አወርደዋለሁ። የሚወርደው ወፍራምና የሚጎተት ነው፤ በማንኪያ ብታነሡት እንደ ክር ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይደፋዋል። እኔ የሎሚ ጭማቂ ጨምሬ በቀስታ እሳት ላይ አማስለዋለሁ። ሎሚው መጎተቱን ይሰብረዋል፤ ጣዕሙንም ያነሣዋል፤ ያለ ሎሚ ጣፋጭነቱ ደብዛዛ ነው። ስኳር ትንሽ በቂ ነው። ሲወፍር ማርማላታ ይመስላል፤ ድፎ ዳቦ ላይ ተቀብቶ ይበላል፤ ለጾምም ይሆናል። ብዙ ፍሬ ጥቂት ማርማላታ ነው የሚወጣው፤ ኮስታራው በዚህ አልዋሸም። በመስታወት ዕቃ ዘግቼ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጬ ቶሎ እንጨርሰዋለን፤ ለሽያጭ ልሥራ ብዬ አላሰብኩም።

ዘሩን አትጣሉት፤ ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ ስለሚወጣ ለችግኝ ዝግጁ ነው።

አስተናባሪ

ክሩ እየደመቀ ስለሆነ አንድ ማሳሰቢያ። ፎቶግራፍ እየላካችሁ «ይህ ዋንዛ ነው?» ያላችሁ አላችሁ፤ ከተላኩት አንዱ ብሳና ነው። የብሳና ፍሬ አይበላም፤ ሆድን ክፉኛ ያጸዳል፣ ይመርዛልም። መለያው ከባድ አይደለም። የብሳና ቅጠል ከመርገፉ በፊት ብርቱካናማ ይሆናል፤ የቅጠሉ ጀርባ ነጣ ያለ ነው፤ ፍሬው በሦስት የተከፈለ ሆኖ በረጅም ዘንግ ላይ ይደረደራል። የዋንዛ ቅጠል ሰፊና ላዩ ሸካራ ነው፤ አበባው ነጭ ጡሩንባ ነው፤ ፍሬው ክብ ሆኖ ቆብ ውስጥ ይቀመጣል። ካላረጋገጣችሁ አትቅመሱ። ለሕፃናትም ዘሩ ጉሮሮ ላይ እንዳይቀር ሰው ይቁምላቸው።

አውሒ (መቐለ)

እኛ ዘንድ አውሒ ነው። ሰው ሁሉ ከዛፉ ላይ ለስላሳውን ሲያወድስ እኔ የምወደው ዛፉ ላይ ሳለ ደረቅ ብሎ የተኮማተረውን ነው፤ ሙጫው ይቀንሳል፣ ጣፋጭነቱ ይጨምራል። ኪስም አያበላሽም።

ችግኝ ጣቢያ (ቡሬ)

ስለ ዘሩ ብዙ ስለተጠየቀ ልመልስ፤ ሥራዬ ነው።

ፍሬው ከነሥጋው ከተዘራ ይሻግታል ወይም ጉንዳን ይወስደዋል። የበሰለውን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ከዚያ ከአሸዋ ጋር አሹት። ሥጋው ከዘሩ የሚለቀው አሸዋው ሲፍቀው ነው። በብዙ ውሃ አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ሲዘራ መብቀያው ቶሎ አይደለም፤ ከወር በላይ ትጠብቃላችሁ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ መደቡን ለሽንኩርት ይገለብጠዋል። በአንዱ ጠጣር ዘር ውስጥ ከአንድ በላይ ትንንሽ ዘር ሊኖር ስለሚችል ሁለት ሦስት ሆኖ ከበቀለ ጠንካራውን አስቀሩ።

ከዚህ የሚቀለው ግን ከትልቁ ዛፍ ሥር ራሱ የበቀለውን ሐምሌ ላይ ከነአፈሩ አንሥቶ ማዛወር ነው። ሥሩ እንዳይቆረጥ ጠለቅ አድርጉት። ከዝግባና ከወይራ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ከፍየል ካዳናችሁት ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል።

ወለተ ግዮን

ለችግኝ ጣቢያ፦ የጃቢው ስለ ጣፋጯ ዛፍ ያለው ልቤን ነካው። ከእርሷ ዘር ብወስድ ልጇም እንደ እናቷ ትጣፍጣለች?

ችግኝ ጣቢያ

ዋስትና የለም። አበባውን ንብ ስለሚያዳቅለው አባትየው የትኛው ማሳ ላይ እንዳለ አይታወቅም። ጣፋጭ እናት ግን የተሻለ ዕድል ነው። አንድ ብቻ አትትከዪ፤ ጥቂት ተክለሽ ፍሬ ሲሰጡ ቅመሺያቸው፤ የጣመውን አስቀሪ፣ ሌላውን ለጣውላ ተዪው። ለኮስታራውም ድርሻ ይኖረዋል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከቤት ግድግዳና ከውሃ ቧንቧ ራቅ ይበል፤ ዘውዱ እየሰፋ ይሄዳል። መኪና የሚቆምበት ጥላ ሥር አይሁን፤ ፍሬው ሲረግፍ መስታወቱን የሚያጥበው ሰው ይሰድብሻል።

ኮስታራው

ድርሻዬን ተቀብያለሁ። ጓዳ፣ ያንን ማርማላታ ሎሚው ስንት ነው የምትጨምሪው? ባለቤቴ አንብባ ጠይቅልኝ ብላ ነው።

ጓዳ

በመጠን አላውቀውም፤ በማንኪያ አንሥተው ሲያዩት ክሩ እስኪቆረጥ ድረስ ነው። ለአንድ መካከለኛ ድስት ሁለት ሎሚ አካባቢ ይበቃል። ባለቤትህ ጉዳዩን ከአንተ በተሻለ ይገባታልና እርሷ ራሷ ትጻፍልን።

የጃቢው

ዘር የምትፈልጉ በየካቲት ፍኖተ ሰላም ብትመጡ ጣፋጯን ዛፍ አሳያችኋለሁ፤ ባለቤቷን ጠይቄ ፈቅደዋል። ከረጢት ይዛችሁ ኑ። ማለዳ ድረሱ፤ ረፋድ ላይ ጦጣዎቹ ለማንም አያስተርፉም።